ከርክክብ በኋላ

ሥራዬ መቀመጥ ነው። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ እንዲህ እመልሳለሁ፤ ቀልድ እየመሰለው ይስቃል። ከላምበረት ተነስቶ ሸዋ ሮቢት በሚደርስ አውቶቡስ፣ ድሮ ሹፌር ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ፣ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። መሪው ፊቴ ነው። መንካት ክልክል ነው። መኪናው ራሱን ይነዳል፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሕጉ «ባለ መቀመጫ» ይለኛል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «አሻንጉሊቷ» ይሉኛል፤ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። የሚሉኝ ሰዎች መቀመጫም የላቸውም።

ሰው የሚጭን መኪና ሁሉ ከመሪው ኋላ አንድ ሕያው ሰው ሊኖረው ይገባል ይላል ሕጉ። ለምን እንደሆነ ሥልጠናው ላይ አልነገሩንም። መንገርም አላስፈለጋቸውም። ማሽን አይታሰርም።

ጠዋት ወንበሩ ይመዝነኛል፣ ትንፋሼን ያሸታል፣ ዓይኔን ያያል። «እንደምን አደርሽ እንጉዳይ፤ ዝግጁ ነሽ?» ይለኛል። «ዝግጁ ነኝ» ማለት አለብኝ፣ ጮክ ብዬ፣ ምክንያቱም ይቀዳል። አንዲት የደሴ መስመር ልጅ አንድ ቀን «አይደለሁም» ብላ ነበር። ወንበሯ ላይ አሁን ሌላ ሰው አለ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ መጣራት ይጀምራል። «ደብረ ብርሃን! ደብረ ሲና! ሸዋ ሮቢት! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው!» የጥንት ረዳቶችን ድምፅ ከየቦታው ለቃቅመው የሠሩት ነው። በመሃል ያስላል። ሳሉን ሆን ብለው ነው የተዉት፤ ተሳፋሪው ሞቅ እንዲለው።

ስለ ርክክብም ልናገር። ማሽኑ ሒሳቡ አልወጣ ሲለው፣ ማለትም መኪናው እንደሚወድቅ ወይም እንደሚጋጭ ሲያውቅ፣ መኪናውን ለባለ መቀመጫው ያስረክባል። ደወል ይጮሃል፣ መሪው ይላቀቃል፣ «ተረክበዋል» ይላል። አንቱ የሚለን ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ የሚሆነው ሁሉ የባለ መቀመጫው ነው። ርክክብ ከደረሳቸው ባልደረቦቼ ወደ ወንበራቸው የተመለሰ የለም፤ እኩሌቶቹ መቃብር ናቸው፣ እኩሌቶቹ ወህኒ። ሁሉም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ፍሬን ረገጡ። ምን ያድርጉ? መንዳት የሚያስተምር ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሥልጠናችን ስለ አቀማመጥ ነበር።

እኔ ግን መንዳት እችላለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ትሕትና የሚፈልግ ሌላ ጋ ይሂድ። ደብረ ብርሃን ዳር የታገዱ መኪኖች የሚከማቹበት ግቢ አለ፤ የግቢው ዘበኛ አጎቴ ነበር። ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥሎኝ ሲሄድ እኔ እዚያ ገባሁ። ሽፋኑ የተገነጠለ የመንጃ መጽሐፍ አገኘሁ፣ ባትሪ ከዚህ ጎማ ከዚያ እየለቀምኩ አንድ አሮጌ ሚኒባስ አስነሳሁ። ክረምት ክረምት ግቢው ጭቃ ይሆናል። እዚያ ጭቃ ላይ ሆን ብዬ አንሸራትታለሁ፣ ሆን ብዬ እመልሳለሁ። የኋላው ወደ ቀኝ ሲሸሽ መሪው ወደ ቀኝ ነው፤ ልብ ግን ወደ ግራ በል ይላል። ፍሬን አይነካም፤ እግር ግን ርገጥ ርገጥ ይላል። ዓይን መሄድ የሚፈልጉበትን ያያል እንጂ የሚፈሩትን አያይም። ይህን ሁሉ አጥር እያፈረስኩ፣ አጎቴ እየረገመኝ ተማርኩ። ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ትምህርት ቤት በር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ አላውቅም።

የዚያን ቀን ሐምሌ ነበር፤ ረፋዱ ላይ፣ በዝናብ። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ጋሽ አንዳርጌ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ለማየት ሸዋ ሮቢት የሚመላለሱ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ጅቡቲ ድረስ ተሳቢ ይነዱ ነበር። ሁሌ የሚቀመጡት እዚያው ነው፤ ሁሌም ይነካኩኛል።

«እንዴት ነው ሹፌር፣ ሥራ በዛብሽ?»

«ኧረ ምን ይላሉ ጋሼ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው።»

«የእኔን እጅ እዪው፣ እስካሁን መሪ የጨበጠ ይመስላል። ያንቺስ ምን ይመስላል?»

«ጉልበቴን የጨበጠ ነዋ።»

ሳቁ። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ጀመርን። ጣርማ በርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከታች እየተግተለተለ መጥቶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ቀኙ ገደል ነው፣ ግራው የተቆረጠ ተራራ፣ ዝናቡም ከተራራው ላይ ጭቃ አውርዶ አስፋልቱን ቀብቶታል። ማሽኑ ለጉም ግድ የለውም፤ እኛ የማናየውን ያያል ይላሉ። ፍጥነቱ አልቀነሰም።

ከዚያ አስፋልቱ ላይ ቅጠል አየሁ። አዲስ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፣ በመስመራችን መሃል በተርታ የተጋደመ። መንገድ ላይ መኪና ሲበላሽ ከኋላ ለሚመጣው ቅጠል ይጣልለታል፤ ቀስ በል፣ ፊት ለፊትህ የቆመ አለ ማለት ነው። አባቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። መጽሐፌ ላይ እንኳ አልነበረም፤ የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ አንዳርጌ ናቸው። ለማሽኑ ግን ቅጠል ነፋስ የጣለው ነገር ነው።

«ቅጠል!» አሉ ከኋላዬ። «ልጄ፣ ቅጠል ነው!»

«አይቻለሁ።» ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ፍጥነት ቀንስ፤ ፊት ለፊት የቆመ መኪና አለ» አልኩት ማሽኑን።

«መንገዱ ነፃ ነው፣ እንጉዳይ» አለኝ በለስላሳው ድምፁ።

አንድ ነገር ማድረግ እችል ነበር። ባለ መቀመጫ ያለ ርክክብ መሪውን ከነካ መኪናው ቀስ ብሎ ዳር ይይዛል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ፖሊስ ይጠራል። መንካት ብቻ ነበር የሚበቃው። እጄ ከጉልበቴ ተነሳ፤ አየር ላይ ቆመ። መኪናው ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ። ሌላ የቅጠል ተርታ አለፍን። እጄ እንደቆመ ነው።

«ንኪው እንጂ አንቺ!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ።

ያን ጊዜ የጭነት መኪናው ከጉሙ ወጣ። መስመራችንን ዘግቶ ቆሟል፤ ሰው የለበትም። ዕቃ ስለማይከስ የጭነት መኪና ባለ መቀመጫ የለውም። መቆሙን ለሌሎቹ መኪኖች ይናገራል ይባል ነበር፤ ተራራው ይከልክለው ዝናቡ እንጃ፣ አልተናገረም። ማሽኑ ፍሬኑን በኃይል ያዘ። ጭቃው ላይ ጎማዎቹ ለቀቁ፣ የኋላችን ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ መሸሽ ጀመረ።

ደወሉ ጮኸ። «ተረክበዋል።»

እግሬን ከፍሬኑ አራቅሁ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩት።

«ወደ ገደሉ! ወደ ገደሉ ነው የምታዞረው!» አለች አንዲት ሴት። አንድ ሰው ትከሻዬን ጨብጦ ጎተተኝ።

«ተዋት!» ብለው ጮኹ ጋሽ አንዳርጌ። «ታውቃለች! እጅህን አንሳ፣ ታውቃለች!»

ገደሉን አላየሁትም። ያየሁት በጭነት መኪናው ግራ በኩል፣ በእሱና በተራራው መካከል የቀረችውን ባዶ ቦታ ነው። የኋላው ሸሸ፣ ሸሸ፣ ከዚያ ቆመ። ወዲያው መሪውን መለስኩት፤ እዚህ ላይ የሚዘገይ ሰው በሌላው ጎን ይገለበጣል። እኔ አልዘገየሁም። ጎማው አስፋልቱን ሲነክስ በወንበሩ በኩል ወገቤ ላይ ተሰማኝ። መኪናው ተመለሰልኝ፤ ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ በእጄ ገባ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሰው ሆኜ የማውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ሰውየውን አየሁት።

በዚያችው ባዶ ቦታ መሃል ላይ ነበር። አቅፎ የያዘው ቅጠል አገጩ ድረስ ደርሷል። ከላይ የሚመጣውን አስጠንቅቆ ጨርሶ፣ ከታች ለሚመጣው ሊጥል እየሄደ ነበር። የጭነት መኪናው የእሱ አይደለም፤ ማንም አላዘዘውም፤ ቤቱ ከመንገዱ በላይ የሆነ ገበሬ ነው፣ መኪና ቆሞ አየና ገጀራውን ይዞ ወረደ። ዞር ብሎ አየኝ። አልሮጠም። መኪናው ውስጥ ሰው ያየ መሰለኝ፤ ሰው ካለ ያሳልፈኛል ብሎ ይሆናል የቆመው።

በግራዬ ተራራ፣ በቀኜ ብረት። ፍሬን ብረግጥ እንደገና ሸርተት ነው፣ እንደገና ገደል ነው። መሪውን አላነቃነቅኩትም።

አውቶቡሱ ከጭነት መኪናው በታች ደልደል ያለ ቦታ ላይ ቆመልኝ። ከተሳፋሪው አንድም የተጫረ የለም። ወርጄ ጭቃው ላይ በእጄ እየዳህኩ ነው ወደ ላይ የሄድኩት። ሚስቱ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች። ወይዘሮ ይታይሽ ትባላለች፣ በኋላ ነው የሰማሁት። አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ቅጠሉ ዙሪያውን ተበትኗል። አልጮኸችም። ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ማነው የነዳው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሰው ነሽ?»

«ሰው ነኝ።»

መጥረጓን አላቆመችም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ማሽን ነው የመሰለኝ። የጎረቤታችንን ልጅ የገጨው ሰው የሌለበት የጭነት ማሽን ነበር፣ እናቱ እስከ ዛሬ የምትረግመው እንኳ አጥታለች። ሽማግሌ ይዘሽ ነይ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ነይ።»

«እሺ» አልኳት። ከዚያ በፊት ለሰው ቃል ገብቼ አላውቅም።

ያሰሩኝ ደብረ ብርሃን ነው፤ ጉዳዩ እስኪታይ። ባለ መቀመጫ እንደሆንኩና ርክክብ እንደደረሰኝ ሲሰሙ ጠባቂዎቹ እንኳ አዘኑልኝ፤ የቀረልኝ የፍርድ ቀን ብቻ ነው ብለው ነበር። እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ደግሞም ይገባኛል። ቅጠሉን አይቼ እጄን አየር ላይ ያቆምኩ እኔ ነኝ። ሰውየውን አይቼ መሪውን ያላዞርኩ እኔ ነኝ። መታሰሬ ሴትዮዋ ፊት ስቆም የምይዘው ነገር ነበር።

ከዚያ የድርጅቱ ጠበቃ መጣ። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው።

«እህቴ፣ አይዞሽ» አለኝ። «አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለግብሽ። አላስታውስም በዪ። ማታውኑ ቤትሽ ነሽ።»

«ለሌሎቹ እንዲህ ብላችኋቸው ታውቃላችሁ?»

«የሌሎቹ ጉዳይ ይለያል።»

«በምን?»

ቦርሳውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ያንቺ መኪና ተመልሷል» አለ። «ከእንዲህ ዓይነት ሸርተት የተመለሰ መኪና እስከ ዛሬ የለንም። አንቺ ነሽ የመለስሽው ብንል ምን ይጠቅማል? አንቺ ትታሰሪያለሽ፣ ሕዝቡም እኛን ማመን ይተዋል። ሥርዓቱ ነው የመለሰው ብንል ግን ሁላችንም ሰላም እናድራለን። የሞተው እንደሆን አይነሳም።»

«ሥርዓትህ ቅጠል እንኳ አያውቅም።»

«አሁን ተምሯል» አለኝ። የምር ነው የነገረኝ፤ አላፌዘም።

ችሎቱ ላይ ሰብሳቢዋ ዳኛ ጨዋ ሴት ነበሩ። ውሃ አስመጡልኝ። «መኪናው ወደ መስመሩ ሲመለስ በማን ቁጥጥር ሥር ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«በእኔ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰውየውንም የገጨሁት እኔ ነኝ። አይቼዋለሁ።»

«መንዳት የት ተማርሽ?»

«ራሴን አስተማርኩ፣ ጭቃ ላይ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«ጭቃ ሰርተፊኬት አይሰጥም።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢዋም ፈገግ አሉ፤ እንደ ልጅ ነው ያዩኝ። ጋሽ አንዳርጌ ተጠሩ። ቆብ አውልቀው፣ ያችን የጨበጠች እጃቸውን ከፍ አድርገው ማሉ። «ይቺ ልጅ ናት የመለሰችው። ስነዳ ዘመኔን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ እኔ ብሆን እንዲያ አልመልሰውም ነበር» አሉ። ሰብሳቢዋ ስለ ዓይናቸው ጠየቋቸው። ሞራ ነበረባቸው። አመስግነው አስቀመጧቸው።

ውሳኔው ሲነበብ ቆሜ ነበር። ርክክቡ ተጀምሮ አልተጠናቀቀም። የባለ መቀመጫዋ የእጅ እንቅስቃሴ ከሥርዓቱ የመልሶ መቆጣጠር እርምጃ ጋር በአጋጣሚ የገጠመ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሰው እንዲህ ሊወስን እንደማይችል ባለሙያዎች አረጋግጠዋል። የባለ መቀመጫዋ ቃል ከድንጋጤ የመነጨ በመሆኑ አልተያዘም። ሟች በማንም ጥፋት አልሞተም። ነፃ ነሽ።

አለቀስኩ። ደስታ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። መቻሌንና ጥፋቴን ባንድ ላይ ነው የወሰዱብኝ። ሰኞ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። «እንደምን አደርሽ እንጉዳይ፤ ዝግጁ ነሽ?» አለኝ፤ «ዝግጁ ነኝ» አልኩት።

ተዝካሩ አለፈ። ጋሽ አንዳርጌን ለመንኳቸው፤ ነጭ ለብሰው መጡልኝ። ከደብረ ሲና ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ከቤቱ በታች ካለው ወንዝ ድንጋይ አነሳሁ፣ አንገቴ ላይ ተሸከምኩት። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚገባው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ነው፣ ባያወርድለት እንደተሸከመ ይመለሳል። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ ከባዱን መርጬ ነው።

«ቤቶች!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ። «ስለ እግዚአብሔር ብለን መጣን!»

ወይዘሮ ይታይሽ ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። ቀና ብላ አየችን። ሰላምታ አልሰጠችንም።

«ከድርጅቱ ናችሁ?»

«አይደለንም» አልኩ፣ አንገቴን እንዳጎነበስኩ።

«የቀደሙትም አይደለንም ብለዋል።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እንጉዳይ እባላለሁ። ሽማግሌ ይዘሽ ነይ ብለውኝ ነበር።»

እጇ ባቄላው ላይ ቆመ። «ሦስቱም እንጉዳይ ነን ነው ያሉኝ» አለች። «ሦስቱም ሽማግሌ ይዘሽ ነይ ብለሽን ነበር አሉ። አውቶቡሱ ደጅ የተባለውንም ይሰማል፣ ድርጅቱ ከዚያ ሰምቶ ነው እንዲያባብሉኝ የላካቸው አሉኝ ልጆቼ። የመጀመሪያዋ እዚህ ድረስ በጉልበቷ ነው የመጣችው። አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ሁለተኛዋ መጣች። ያንለታ ፊትሽን አላየሁት፣ የእሱን ነበር የማየው። አሁን በምን ልለይሽ?»

ጋሽ አንዳርጌ ወደ ፊት ራመድ አሉ። «እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። በዓይኔ...»

«እርስዎም ደግ ሰው ይመስላሉ አባቴ። ያለፈችው ይዛቸው የመጣችው ሽማግሌ ግን መስቀል ይዘው ነበር።»

ድንጋዩ አንገቴን ይሰብረው ጀመር። ለማንም ያልተናገርኩት፣ የትም ያልተቀዳ አንድ ነገር ነበረኝ።

«አይቶኛል» አልኳት። «እሱም አይቶኛል፣ እኔም አይቼዋለሁ። አልሮጠም። ታሳልፈኛለች ብሎ ቆመ። መሪውን አውቄ ነው ያላዞርኩት። ተሳፋሪዎቹን መርጬ እሱን ተውኩት።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ልትነሳ ከጅላ ነበር። ከዚያ ተመልሳ ወደ ባቄላዋ አጎነበሰች።

«ይሄ ደግሞ አዲስ ነው» አለች ለራሷ። «እያሻሻሉት ነው የሚመጡት።»

«እትዬ ይታይሽ...»

«ወረቀቱን ልጆቹ አነበቡልኝ። ማንም አልገደለውም ይላል። ማንም ካልገደለው ማንን ይቅር ልበል?» በእጇ ወደ አጥሩ አሳየችኝ። «አውርጂውና ከእነዚያ ጋ አኑሪው። የአጥሩ ካብ ተንዷል፣ ልጆቹ ይሠሩበታል።»

ራሴ አወረድኩት። የተናደው አጥር ሥር የወንዝ ድንጋዮች ነበሩ፤ እነሱም ከባድ ከባድ ተመርጠው የመጡ። አጠገባቸው አኖርኩት። ጋሽ አንዳርጌ ክንዴን ይዘውኝ ወጣን። ከታች ከመንገዱ የአውቶቡስ ድምፅ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ያስላል።

መታጠፊያው ላይ ዞር ብዬ አየሁ፣ ከዚያ ጋሽ አንዳርጌን ከድንጋዮቹ የእኔ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ቆዩ። እሳቸውም አልለዩትም።